ብርሃን ቆጥሮ ደምን ማንበብ፦ የቫይታሚን እንክብሎች ምርመራንና መድኃኒትን እንዴት እንደሚያውኩ

አንድ ሰው ደሙን ሰጥቶ ከላቦራቶሪ በሚቀበለው ወረቀት ላይ «ቲኤስኤች 0.1»፣ «ስኳር 95» የሚሉ ቁጥሮች ሰፍረው ያገኛል። ቁጥሮቹ በቀጥታ ከደሙ የተቀዱ ይመስላሉ። ነገር ግን በየሆስፒታሉ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሆርሞን አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ብርሃን ወይም ኤሌክትሮን ነው። ከሆርሞኑ እስከ ብርሃኑ ድረስ ብዙ ቀለበቶች ያሉት ሰንሰለት ተዘርግቷል። ታማሚው ለጸጉሩ ወይም ለጥፍሩ ብሎ የሚውጠው እንክብል ከእነዚህ ቀለበቶች በአንዱ ጣልቃ ከገባ፣ መሣሪያው አንዳች ብልሽት ሳይኖርበት የተሳሳተ ቁጥር ያትማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም ጉዳዩ መለኪያን የሚመለከት በመሆኑ የፊዚክስ ተማሪ በሚገባው ቋንቋ ሊነገር ይችላል ብሎ ያምናል።

ከብርሃኑ እንጀምር። በደም ውስጥ ከሚገኙት እጅግ በርካታ የሞለኪውል ዓይነቶች መካከል አንዱን ሆርሞን ብቻ ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) የተባለው ፕሮቲን ነው። በብዙ ዘመናዊ መሣሪያዎች ለአንድ ሆርሞን ሁለት አንቲቦዲዎች ይዘጋጃሉ። አንደኛው ሩቴኒየም የተሰኘውን ሜታል የያዘ ውሁድ ተለጥፎበታል፤ ይህ ውሁድ በኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ ሲደርሰው 620 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ይረጫል። 1240ን ለ620 ብናካፍል የአንዱ ፎቶን ጉልበት 2 ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑን እናገኛለን። ሁለተኛው አንቲቦዲ ደግሞ ባዮቲን የተባለች ትንሽ ሞለኪውል እንደ መንጠቆ ተሰክታበታለች። ሆርሞኑ በሁለቱ መካከል እንደ ሳንድዊች ሲያዝ፣ መንጠቆዋ ስትሬፕታቪዲን በተባለ ፕሮቲን በተሸፈኑ ደቃቅ ማግኔታዊ ዶቃዎች ላይ ትጣበቃለች። ከዚያም ማግኔት ዶቃዎቹን ወደ ኤሌክትሮዱ ስቦ ያስቀምጣል፣ ያልተያዘው ሁሉ ታጥቦ ይወገዳል፣ ቮልቴጅ ይለቀቃል፣ የወጣው ብርሃንም ይለካል። ይህን ብርሃን የሚለካው ፎቶመልቲፕላየር፣ ጸሐፊው በውጭ አገር በዶክትሬት ትምህርቱ ወቅት በጨለማ ክፍል ውስጥ ለወራት አብሮት የኖረ መሣሪያ ሲሆን፣ ከብርሃን በቀር አንዳች ነገር አያውቅም። ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ወይም ለምን እንደ ቀረ አይጠይቅም።

ባዮቲን ለመንጠቆነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዷ ናት። ታሪኳ የሚጀምረው ከእንቁላል ነጭ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥሬ የእንቁላል ነጭ ያለ ልክ የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው እንደሚቆስልና ጸጉራቸው እንደሚረግፍ ታየ። ቆየት ብሎም ምክንያቱ በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለ አቪዲን የተባለ ፕሮቲን ባዮቲንን አጥብቆ ስለሚይዝ መሆኑ ታወቀ። ስትሬፕታቪዲን በባክቴሪያ የሚሠራ የአቪዲን አምሳያ ነው። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ባዮቲን «ለጸጉርና ለጥፍር» ተብሎ የሚሸጠው ከዚሁ ታሪክ በመነሣት ይመስላል። ነገር ግን የባዮቲን እጥረት በሰው ዘንድ እምብዛም የማይታይ በመሆኑ፣ እጥረት የሌለበት ሰው እንክብሉን በመዋጡ ጸጉሩ እንደሚበዛ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

የሁለቱ ትስስር ምን ያህል ጠንካራ ነው? በክፍል ሙቀት አንድ ሞለኪውል የሚደርሰው የሙቀት ጉልበት፣ ማለትም የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በሙቀት ሲባዛ፣ ወደ 1/40 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ባዮቲንን ከስትሬፕታቪዲን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ነፃ ጉልበት 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን፣ ይህም የሙቀቱን ጉልበት 32 ጊዜ ይበልጣል። የኢ ቁጥርን (2.718ን) በአሉታዊ 32 ብናረባው ወደ 10⁻¹⁴ ይመጣል፤ የትስስሩ መፈታት ቋሚ ቁጥርም በሞላር ሲለካ በዚሁ ግድም ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታወቁት፣ የኮቫለንት ትስስር ካልሆኑት መካከል እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዴ የተያዘ በቀላሉ አይለቅም። ለመሣሪያ ሠሪው ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ መንጠቆው ከተጣበቀ ማጠቢያው አያላቅቀውምና።

ችግሩ የሚመጣው ታማሚው ራሱ ባዮቲን ጠጥቶ ሲመጣ ነው። ለአዋቂ ሰው በቂ ነው ተብሎ የሚገመተው የባዮቲን መጠን በቀን 30 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህን ያህሉ ከተራ ምግብ ይገኛል። ለጸጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡት እንክብሎች ግን ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊግራም ይይዛሉ። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ ከሚያስገባቸው ጠርሙሶች መካከል እነዚህ አይጠፉም። 10 ሚሊግራም የዕለቱን መጠን ከ330 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ በሞለኪውል ሲቆጠር 2.5 × 10¹⁹ ነው። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ስለሚያስወግደው በአብዛኛው ሰውየውን አይጎዳውም። ሆኖም እስኪወገድ ድረስ፣ በተለመደው ጊዜ በሚሊሊትር ከ1 ናኖግራም በታች የሆነው የደም ባዮቲን፣ ወደ 100 ናኖግራምና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ደም ወደ መሣሪያው ሲገባ ነፃው ባዮቲን ዶቃዎቹ ላይ ያሉትን ቦታዎች ቀድሞ ይይዛል። ከሆርሞኑ ጋር የመጣችው መንጠቆ ስትደርስ ቦታው ሞልቷል። ስለዚህ ሳንድዊቹ ታጥቦ ይሄዳል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። ውድድሩ ምን ያህል ያልተመጣጠነ እንደሆነ ለማየት አንድ ስሌት እንሥራ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሰው ትሮፖኒን ቲ፣ «ከልክ አልፏል» የሚባለው በሊትር ከ14 ናኖግራም ሲበልጥ ነው። ይህ በአንድ ሚሊሊትር 200 ሚሊዮን ያህል ሞለኪውል ማለት ነው። በዚያው ሚሊሊትር ውስጥ 100 ናኖግራም ባዮቲን ካለ ግን የሞለኪውሎቹ ቁጥር 2.5 × 10¹⁴ ይሆናል። ለአንዲት ትሮፖኒን አንድ ሚሊዮን ባዮቲን! ዶቃዎቹ ላይ ያለው ቦታ ከትሮፖኒኑ እጅግ የበዛ ቢሆንም ወሰን አለው። የአንዳንድ ቀደምት ምርመራዎች የመቋቋም ገደብ በሚሊሊትር ከ20 እስከ 30 ናኖግራም ገደማ ነበር።

እስካሁን የገለጽነው የሳንድዊች ዘዴ ለትልልቅ ሞለኪውሎች ነው። እንደ ታይሮክሲን (ቲ4) ያሉ ትንንሽ ሆርሞኖች ሁለት አንቲቦዲ የሚሸከም ገላ ስለሌላቸው የሚለኩት በሽሚያ ነው። በዚህ ዘዴ ብርሃን የሚሰጠው አንቲቦዲ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። የታማሚው ሆርሞን የያዘውን ይይዛል፤ የቀረውን ባዮቲን የተሰካበት ሰው ሠራሽ ሆርሞን ይይዝና ወደ ዶቃው ይወስደዋል። እንግዲህ የታማሚው ሆርሞን ሲበዛ ወደ ዶቃው የሚሄደው ያንሳል፤ ብርሃኑም ይደክማል። መሣሪያውም በዚሁ መሠረት «ደካማ ብርሃን ማለት ብዙ ሆርሞን» ብሎ እንዲተረጉም ተሠርቷል። በሳንድዊቹ ዘዴ ግን ደካማ ብርሃን ማለት ጥቂት ሆርሞን ነው። ባዮቲን በሁለቱም ዘንድ ብርሃኑን ያዳክማል። ስለዚህ ያው አንዱ ጨለማ በአንዱ ምርመራ «አነሰ»፣ በሌላው «በዛ» ተብሎ ይነበባል።

ይህን በታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ላይ እንመልከተው። ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጨው ቲኤስኤች የሚለካው በሳንድዊች ዘዴ በመሆኑ በሐሰት ዝቅ ይላል። ቲ4 እና ቲ3 በሽሚያ ስለሚለኩ በሐሰት ከፍ ይላሉ። በአንዳንድ መሣሪያዎች የግሬቭስ በሽታ መለያ የሆነው የቲኤስኤች መቀበያ አንቲቦዲም በሽሚያ ስለሚለካ እርሱም ከፍ ይላል። አራቱ ውጤቶች ተስማሙ ማለት ነው፤ የስምምነታቸውም ትርጉም የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው የሚል ይሆናል። ምርመራ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ ውጤቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሐኪሙም በዚያ ይነቃል። የባዮቲን ስሕተት አደገኛነቱ አለመጋጨቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀርመን ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ ይህንኑ የሚያሳዩ ስድስት ሕፃናትን ገልጸዋል። ሕፃናቱ ለሌላ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ከፍተኛ ባዮቲን ይወስዱ የነበሩ ሲሆን፣ ባዮቲኑ ሲቆም ውጤታቸው ወደ ልኩ ተመልሷል። እንደዚህ ያለ ወረቀት ይዞ የቀረበ ጤነኛ ሰው የታይሮይድን ሥራ የሚገታ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን አንሷት ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ብትሆን ደግሞ መድኃኒቱ በዝቶባታል ተብሎ የሚያስፈልጋት ሊቀነስባት ይችላል።

በልብ ሕመም ላይ ግን የሚጠበቅ ጊዜ የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከፍተኛ ባዮቲን ይወስድ በነበረ ታማሚ ላይ የትሮፖኒን ውጤት በሐሰት ዝቅ ማለቱንና ታማሚው መሞቱን ገልጿል። ማስጠንቀቂያውን በ2019 አድሶታል። ከዚያ ወዲህ በርካታ አምራቾች ምርመራዎቻቸውን ከፍ ያለ ባዮቲን እንዲቋቋሙ አድርገው አሻሽለዋል። ባዮቲንን ጨርሶ የማይጠቀሙ፣ አንቲቦዲውን በቀጥታ ዶቃው ላይ የሚያስሩ መሣሪያዎችም ቀድሞም ነበሩ። ስለሆነም የአንድ ሰው ደም በአንድ ቀን በሁለት ላቦራቶሪ ሁለት የማይገናኙ ውጤቶች ቢሰጥ፣ አንደኛው ላቦራቶሪ ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

ጥርጣሬ ሲፈጠር ላቦራቶሪው የሚያደርገው ነገር ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ናሙናውን በሁለት፣ ከዚያም በአራት እጥፍ ያቀጥነዋል። ትክክለኛ ልኬት ከሆነ ውጤቱ በግማሽና በሩብ ይወርዳል። ባዮቲን ካለበት ግን በመቅጠኑ ጣልቃ ገብነቱ ስለሚቀንስ ዝምድናው ቀጥተኛ መሥመር መሆኑ ይቀራል። ሌላው መንገድ መጠበቅ ነው። የባዮቲን ግማሽ ዕድሜ በትንሽ መጠን 2 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ መጠኑ ከፍ ሲል እስከ 19 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። 15 ሰዓት ብለን ብንይዝ፣ ከ100 ናኖግራም ወደ 20 ለመውረድ 2.3 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም 35 ሰዓት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ከምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀናት ባዮቲን እንዲቆም የሚመክረው ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ከዚህም በላይ መቆየት አለበት።

ኤሌክትሮን ወደሚቆጥሩት መሣሪያዎች እንለፍ። በቤት ውስጥ የደም ስኳር የሚለካበት ትንሽ መሣሪያ በወረቀቱ ላይ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ከእያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል ሁለት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሮድ ያስተላልፋል። የደም ጠብታው ግማሽ ማይክሮሊትር፣ ስኳሩም በሊትር 5.5 ሚሊሞል (በዴሲሊትር 100 ሚሊግራም ያህል) ቢሆንና ሁሉም ግሉኮስ ቢቃጠል፣ የሚሰበሰበው የኤሌክትሪክ ሙል 530 ማይክሮኩሎም ያህል ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ኤሌክትሮን መስጠት ተፈጥሮው ነው፤ «ፀረ ኦክሲዳንት» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። እርሱም ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል። በአፍ የተወሰደ ቫይታሚን ሲ፣ አንጀት የሚመጥጠውና ኩላሊት የሚያስወግደው መጠን ስላለ፣ በደም ውስጥ ከ0.2 ሚሊሞል እምብዛም አያልፍም። ከ5.5 ጋር ሲነጻጸር 4 በመቶ እንኳ አይሞላምና የሚያሳስብ አይደለም። በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ግን ከ10 ሚሊሞል ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ አንዳንድ መሣሪያዎች የሌለ ስኳር ያነብባሉ። ለሌለ ስኳር ኢንሱሊን መስጠት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም።

የሽንት ምርመራ ወረቀት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወረቀቱ ስኳር ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ እርሱም ቀለሙን ይለውጠዋል። ከእንክብል የተረፈው ቫይታሚን ሲ መውጫው ሽንት በመሆኑ በዚያ ይጠራቀምና ኤሌክትሮኑን ለፐርኦክሳይዱ ሰጥቶ ቀለሙ እንዳይለወጥ ያደርጋል። በሽንት ውስጥ ያለ ስኳር፣ እንዲሁም ደም፣ «የለም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። አንድ ንጥረ ነገር በአንድ ምርመራ የሌለውን ሲፈጥር በሌላው ያለውን ይሸሽጋል። ጡንቻ ለማጎልበት ስፖርተኞች ስለሚወስዱት ክሬአቲንም አንድ ቃል ብቻ እንበል። በሰውነት ውስጥ ወደ ክሬአቲኒን ስለሚለወጥ፣ ጤነኛ ኩላሊት የደከመ ሊያስመስል ይችላል።

መድኃኒትን በሚመለከት የሚሆነው ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ የሚታወከው ንባቡ ሳይሆን ራሱ ሕክምናው ነው። አንደኛው መንገድ በጉበት በኩል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ዕፅ፣ መድኃኒትን የሚያፈራርሱ የጉበት ኢንዛይሞች እንዲበዙ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ኢንዲናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በ57 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የነጭ ሽንኩርት እንክብልም (ወጥ ውስጥ የሚገባው አይደለም) ሳኪናቪር የተባለውን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሁለቱም መድኃኒቶች ዛሬ እምብዛም አይሰጡም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ ግን በቂ መልስ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ለአገራችን ይበልጥ ይቀርባል፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ሙል ጉዳይ ነው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ዚንክ በሆድ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አወንታዊ ሙል ያላቸው አዮኖች ይሆናሉ። ጎን ለጎን የተቀመጡ የኦክስጅን አቶሞች ያሉት መድኃኒት ሲያገኙ፣ ኦክስጅኖቹ አዮኑን እንደ ወረንጦ ይይዙታል። የተያያዙት ሁለቱ አንጀትን አልፈው ወደ ደም አይገቡም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ይህ ይደርስባቸዋል። ሌቮታይሮክሲንም ከብረትና ከካልሲየም ጋር ስለሚጣበቅ በባዶ ሆድ ተወስዶ በመካከላቸው አራት ሰዓት መቆየት አለበት።

ከሁሉ የሚገርመው ዶሉቴግራቪር ነው። በኢትዮጵያ አሁን የኤችአይቪ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጠው ይህንን መድኃኒት በያዘ ኪኒን ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ኢንቴግሬዝ በተባለው የቫይረሱ ኢንዛይም እምብርት የሚገኙትን ሁለት የማግኒዥየም አዮኖች በኦክስጅን ወረንጦው ጨብጦ በመያዝ ነው። ያው ቫይረሱን የሚያሸንፍበት ክንድ፣ በሆድ ውስጥ ብረት ሲያገኝ ብረቱን ይጨብጣል። በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በባዶ ሆድ ከካልሲየም ጋር አንድ ላይ ሲወሰድ በደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት በ39 በመቶ፣ ከብረት ጋር ሲወሰድ በ54 በመቶ ቀንሷል። ከምግብ ጋር አንድ ላይ ሲወሰዱ ግን ቅነሳው አልታየም። ስለሆነም መመሪያው ሁለት አማራጭ ይሰጣል፤ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር አንድ ላይ መውሰድ፣ ወይም ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድሞ አለዚያም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ነው።

በእርግዝና ክትትል ለእናቶች የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣል፤ ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ሁለቱንም ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር» ተብላ ከሆነ መልካም ነው። የጾም ወቅት ሲገባ ግን ቁርሱ ይቀርና ሁለቱ ኪኒኖች በዚያው ሰዓት፣ በባዶ ሆድ ይዋጣሉ፤ ይህም ጥናቱ መድኃኒቱ በግማሽ መቀነሱን ያሳየበት ሁኔታ ነው። በጤና ምክንያት መጾም የማይገባት ብትሆንም እንኳ የሚጾሙ እናቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ ላለች እናት ሁለቱንም ኪኒኖች ከቀትር በኋላ ወደምትመገብበት ሰዓት ማዛወር፣ ወይም ብረቱን ከምግቧ ጋር አድርጋ ዶሉቴግራቪሩን ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል። የትኛው እንደሚመች ከጤና ባለሙያዋ ጋር የምትወስነው ነው፤ ባለሙያውም ቁርሱ መቅረቱን የሚያውቀው እርሷ ስትነግረው ነው።